የመረጃ ማገናኛ ሥርዓት ሲሻሻል በመንገድ ላይ ያለ ትእዛዝና ውጤት ምን ይሆናል?

መግቢያ

በጤና ተቋማት ውስጥ ቀድሞ በተላላኪ እጅ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወር የነበረው የምርመራ ትእዛዝ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ማዘዣ በብዙ ቦታ በኮምፒውተር መስመር መላክ ከጀመረ ሰንብቷል። ለውጡ ጊዜን እንደሚቆጥብና የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ የሚያስከትለውን ስሕተት እንደሚቀንስ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ትእዛዙንና ውጤቱን የሚያመላልሰው ሥርዓት ራሱ በየጊዜው አዲስ እትም ይወጣለታል፤ አሮጌው እትም ይተካል። ይህ የማሻሻያ ሥራ የሚከናወነው ሕሙማን ተኝተው፣ ናሙና ተወስዶና ውጤት እየተጠበቀ ነው፤ ሆስፒታል የሚዘጋበት ሌሊት የለምና።

ስለ ማሻሻያ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠየቀው «የተቀመጠው መረጃ ይጠፋ ይሆን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የተቀመጠ መረጃ በአግባቡ ከተያዘ መጠባበቂያ ቅጂ ስለሚኖረው ሊመለስ ይችላል። ይበልጥ የሚያሰጋው ማሻሻያው በተጀመረበት ቅጽበት በመንገድ ላይ የነበረው፣ ማለትም ከላኪው ወጥቶ ለተቀባዩ ገና ያልደረሰው መረጃ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በማሻሻያ ወቅት በመካሄድ ላይ ያሉ ሥራዎችና መረጃዎች ምን እንደሚገጥማቸው ማስረዳትና የጤና ባለሙያው ሊወስዳቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችን ማመልከት ነው።

የመረጃ ማገናኛ ሥርዓት ምንድን ነው?

በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የሕሙማን መዝገብ የሚያዝበት ፕሮግራም፣ የላቦራቶሪው ፕሮግራምና የመድኃኒት ቤቱ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ በተለያዩ ድርጅቶች የተሠሩ ናቸው። አንዱ የሚጽፍበትን መልክ ሌላው በቀጥታ ላያነበው ይችላል። ስለዚህ በመካከላቸው ሆኖ ከአንዱ የተቀበለውን ለሌላው በሚስማማው መልክ ለውጦ የሚያደርስ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ማገናኛ ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው። ማገናኛው በተቋሙ ግቢ በሚገኝ ሰርቨር ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ወይም በሩቅ ቦታ በሚገኙና በኢንተርኔት አማካይነት በኪራይ አገልግሎት በሚሰጡ ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራል። ይህ የኋለኛው ክላውድ በመባል ይታወቃል።

ፕሮግራሞቹ የሚለዋወጡት መልእክት ነው። በጤናው መስክ የመልእክቱን አጻጻፍ የሚወስኑ የታወቁ ደንቦች ያሉ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ኤች.ኤል.7 የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ነው። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ተቀባዩም መልእክቱን «ተቀብያለሁ»፣ «ስሕተት አለበት» ወይም «አልቀበልም» የሚል መልስ ይሰጣል። በሥርዓት የተዘጋጀ ላኪ መልስ እስኪያገኝ ድረስ መልእክቱን በወረፋ ያቆየዋል። አሠራሩ ናሙና አስረካቢ በመረከቢያ መዝገብ ላይ ሳያስፈርም እንደማይመለሰው ያለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ በሚገባ ሊጤን ይገባል። «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማገናኛው እንጂ ከመጨረሻው ተቀባይ አይደለም። የግቢው ዘበኛ ለደብዳቤ ፈርሞ ተቀበለ ማለት ባለጉዳዩ ደብዳቤውን አነበበ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ በሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ መታየቱ ላቦራቶሪው ትእዛዙን አይቶታል ማለት አይደለም። በማሻሻያ ወቅት የሚደርሱ ችግሮች አብዛኛዎቹ የሚፈጠሩት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በመካሄድ ላይ ያሉ ሥራዎች

በማሻሻያ ወቅት የሚገኙ ሥራዎችን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ በሰከንዶች ውስጥ የሚጠናቀቁ ናቸው። የሄሞግሎቢን ምርመራ ትእዛዝ ከሐኪሙ ወደ ላቦራቶሪው የሚደርስበትን ጊዜ መውሰድ ይቻላል። በጥንቃቄ የሚከናወን ማሻሻያ በመጀመሪያ አዲስ መልእክት መቀበል ያቆማል፤ በእጁ ያሉትን አድርሶ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ይዘጋል። ይህ ሳይደረግ ሥርዓቱ በድንገት ከተዘጋ ሥራው በመካከል ይቆረጣል። ላቦራቶሪው ትእዛዙን ተቀብሎ «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ ሳይደርስ ከተቋረጠ ላኪው እንዳልደረሰ ቆጥሮ ሥርዓቱ ሲመለስ ደግሞ ይልካል። ተቀባዩ የመልእክቱን መለያ ቁጥር አመሳክሮ የተደገመውን የማይጥል ከሆነ አንድ ትእዛዝ ሁለት ይሆናል። ለምርመራ ትእዛዝ ይህ ማለት ሕመምተኛው ሁለት ጊዜ ደም መቀዳቱ ነው፤ ለመድኃኒት ትእዛዝ ግን አንድ መጠን ሁለት ጊዜ መሰጠቱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛዎቹ በተወሰነ ሰዓት የሚነሱ ሥራዎች ናቸው። በየሌሊቱ የቀኑን ውጤቶች አሰባስቦ የሚልክ ወይም በወሩ መጨረሻ ሪፖርት የሚያስተላልፍ ሥራ ከእነዚህ ይመደባል። መነሻ ሰዓቱ ማሻሻያው ከሚካሄድበት ሰዓት ጋር ከተጋጠመ ሥራው ሳይነሳ ያልፋል። አንዳንዱ ሥርዓት ሲመለስ ያለፈውን ያካክሳል፤ ሌላው ግን ቀጣዩን ቀጠሮ ይጠብቃል። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ካልተጠየቀ የአንድ ቀን ውጤት ሳይላክ መቅረቱን የሚያስተውል ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛዎቹና በቂ ትኩረት የማይሰጣቸው ለሳምንታት ክፍት ሆነው የሚቆዩ ሥራዎች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ካልቸር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በፈሳሽ ማሳደጊያ የሚሠራው ካልቸር ባክቴሪያ አልበቀለበትም ተብሎ የሚወሰነው ከ42 ቀናት በኋላ ሲሆን፣ በጠጣር ማሳደጊያ የሚሠራው እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ትእዛዙ በሥርዓቱ ውስጥ ውጤቱን እየጠበቀ ይኖራል። በመካከሉ ማሻሻያ ቢደረግ ትእዛዙ የተከፈተው በአሮጌው እትም፣ ውጤቱ የሚመለሰው ግን በአዲሱ ይሆናል። አዲሱ እትም የትእዛዙን ቁጥር የሚያነብበት መንገድ ከተለወጠ ውጤቱ ባለቤቱን ሳያገኝ ይቀራል። ለዚህ የሚመከረው መፍትሔ በአሮጌው እትም የተጀመረው በአሮጌው እንዲፈጸም፣ አዲሱ ደግሞ በአዲሱ እንዲጀመር ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆየት ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ክፍት የሆኑት ትእዛዞች ከማሻሻያው በፊት በስም ዝርዝር ወጥተው አንድ በአንድ ክትትል ሊደረግባቸው ይገባል።

መረጃው ራሱ

የመረጃ ቋት በአዲስ እትም ሲተካ የአቀማመጡ ቅርጽ ሊለወጥ ይችላል። ከዚህ ለውጥ በኋላ አሮጌው ፕሮግራም የተለወጠውን ቋት ማንበብ ላይችል ስለሚችል ወደኋላ መመለስ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ ለጤና ሪፖርት የሚያገለግለውና መሠረቱ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተገነባው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ለዚህ አስረጂ ነው። ወደ አዲስ እትም የተሻገረ የዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 የመረጃ ቋት በአሮጌው እትም ሊሠራበት አይችልም፤ መመለሻው መንገድ ከማሻሻያው በፊት የተወሰደው ቅጂ ብቻ ነው። ሆኖም ወደ ቅጂው መመለስ ቅጂው ከተወሰደበት ሰዓት በኋላ የገባውን መረጃ ሁሉ እንደሚያስቀር መዘንጋት የለበትም።

ከቅርጹ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው የትርጉም ለውጥ ነው። ማገናኛው የአንዱን ክፍል መለያ ከሌላው መለያ ጋር የሚያዛምድባቸው ሠንጠረዦች አሉት። ሠንጠረዡ በማሻሻያው ከተዛባ ቁጥሩ ሳይጠፋ ትርጉሙ ይጠፋል። አንድ ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ክሬአቲኒን 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው፤ የደም ስኳር ደግሞ ከሚሊሞል በሊትር ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለወጥ በ18 ይባዛል። ቁጥሩ ተልኮ መለኪያው ቢቀር በሚሊሞል የተለካ 10 የሆነ የደም ስኳር በሚሊግራም ተነቦ ብርቱ የስኳር ማነስ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ኮምፒውተሩ ስሕተት አያሳይም፤ ቁጥሩ በሥርዓት ደርሷልና።

በኢትዮጵያ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በአገሪቱ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ትክክለኛ ቀን ነው፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ናት። ቀንን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ የሚመረምር አዲስ እትም ግን ሁለተኛውን ወር 30 ቀን፣ ዓመቱንም 13 ወር ብሎ አያውቅም። በዚህ ምክንያት መልእክቱን ሊመልሰው ወይም የባሰውን ሊያደርግና ቀኑን በራሱ ግምት ሊለውጠው ይችላል። የተወለደበት ቀን የተለወጠ ሕፃን የክትባት ቀጠሮውም አብሮ ይዛባል።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በመንገዱ ላይ ካሉት ፕሮግራሞች አንዱ እንኳ ይህን መለያ በትክክል ካላስተላለፈ በአማርኛ የተጻፈው ስም በጥያቄ ምልክቶች ይተካል። የሁለት ሕሙማን ስም በጥያቄ ምልክት ብቻ ሲታይ የሚለያቸው የካርድ ቁጥራቸው ብቻ ይሆናል። በተለወጠው ቦታ የቀድሞው ፊደል ስለማይቀመጥም ስሙን ከዚያው መልሶ ማግኘት አይቻልም።

የሚታይ መቋረጥና የማይታይ መጥፋት

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት ያሰራጨው የተበላሸ ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ በዊንዶውስ የሚሠሩ ኮምፒውተሮችን አቁሟል። በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ለማስተላለፍና ወደ ወረቀት ለመመለስ ተገደዋል። ጉዳቱ ከባድ ቢሆንም አንድ መልካም ጎን ነበረው፤ ሁሉም ሰው ወዲያው አውቆታል። ስክሪኑ ጠፍቶ እያየ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚልክ ባለሙያ የለም።

ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ሁሉም ነገር የሚሠራ እየመሰለ መልእክቱ ሲጠፋ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት በስፖኬን ከተማ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አዲስ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2020 ሥራ ጀመረ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር በሐምሌ 2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት እስከ ሰኔ 2021 ድረስ ከ11,000 በላይ የሕክምና ትእዛዞች ለታሰበላቸው ክፍል ሳይደርሱ «ያልታወቀ ወረፋ» ተብሎ በሚጠራ ስፍራ ተከማችተዋል። ሥርዓቱ የተላከበትን ክፍል መለየት ሲያቅተው ትእዛዙን በዚያ ያኖረው ነበር፤ ላዘዘው ባለሙያ ግን ትእዛዙ አለመድረሱን አያሳውቅም። በተደረገው የክሊኒክ ምርመራም 149 የጉዳት ክስተቶች ተለይተዋል።

ሌላው ምሳሌ በእንግሊዝ አገር የታየው ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ቀን 2020 ባለው ጊዜ ውስጥ 15,841 የኮቪድ-19 ፖዘቲቭ ውጤቶች ከዕለታዊው ቁጥር ውጪ ቀርተዋል። ምክንያቱ ከላቦራቶሪዎች የመጣውን መረጃ ለማስተላለፍ ያገለገለው የአሮጌው ኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ መያዝ አለመቻሉ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሳይታወቅ ተቆርጦ ቀርቷል። ለራሳቸው ለተመርማሪዎቹ ውጤታቸው ተነግሯቸዋል፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የመፈለጉ ሥራ ግን ዘግይቷል።

እነዚህ ሁለቱ አጋጣሚዎች በአንድ የተወሰነ የእትም ማሻሻያ የደረሱ አይደሉም። አንዱ አዲስ ሥርዓት ሲተከል፣ ሌላው መረጃ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ ሲገለበጥ የተከሰተ ነው። የሚያስተምሩት ግን ለማሻሻያም ያው ነው። ማንኛውም ሥርዓት የደረሰውን መልእክት ሊቆጥር ይችላል፤ መድረስ የነበረበትን ግን ካልተነገረው አያውቅም። መድረስ የነበረበትን የሚያውቀው ትእዛዙን የሰጠውና ውጤቱን የሚጠብቀው ባለሙያ ነው።

የማሻሻያው ሰዓት

ክላውድን በሚመለከት የማሻሻያውን ቀንና ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚወስነው አገልግሎቱን የሚያከራየው ድርጅት ነው። ድርጅቱ የሚመርጠው ደንበኞቹ የሚያርፉበትን ሰዓት ቢሆንም ያ ሰዓት በሌላ አገር የሥራ ሰዓት ሊሆን ይችላል። በኒው ዮርክ የብርድ ወራት እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ይህም የተመላላሽ ሕክምና ወረፋ የሚበዛበት ጊዜ ነው።

ማስታወቂያው የሚጻፍበት የሰዓት አቆጣጠርም መታየት አለበት። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይጻፋል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። «22:00» ተብሎ የተጻፈው በውጭው አቆጣጠር በማግስቱ 1:00 ሲሆን፣ በአገሪቱ አነጋገር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ተረኛው ክፍል ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው ብሎ ቢዘጋጅ ከ3 ሰዓት በኋላ ሁሉም ሰላም ነው በሚልበት ጊዜ መስመሩ ይቋረጥበታል። ስለዚህ የመረጃ ክፍሉ ማስታወቂያውን በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ጠዋት፣ ማታ ወይም ሌሊት መሆኑን ገልጾ፣ ቀኑንም ጨምሮ በጽሑፍ ለየክፍሉ ማድረስ ይኖርበታል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ማሻሻያውን የሚያከናውነው የኮምፒውተር ባለሙያው ነው። ይሁንና የሚከተሉት ተግባራት ያለ ጤና ባለሙያው ተሳትፎ የሚሟሉ አይደሉም።

ከማሻሻያው በፊት፦ በየክፍሉ ታዘው ውጤታቸው ያልተመለሰ ምርመራዎች ዝርዝር በወረቀት ይውጣ። ካልቸር፣ ፓቶሎጂና ወደ ሌላ ተቋም የተላኩ ናሙናዎች ለብቻ ይመዝገቡ። የትእዛዝና የውጤት ቅጾች በበቂ መጠን ይዘጋጁ። የመረጃ ክፍሉ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቅ፦ በወረፋ ያለው መልእክት ምን ይሆናል? በመካከል የሚቆረጥ ሥራ ይደገማል ወይስ ይሰረዛል? ችግር ቢፈጠር እስከ መቼ ድረስ ወደ አሮጌው መመለስ ይቻላል? በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታብሌት ውስጥ ያልተላከ መረጃ ካለ ፕሮግራሙ ከመነካቱ በፊት ይላክ፤ ሳይላክ ፕሮግራሙ ቢጠፋ መረጃውም አብሮ ሊጠፋ ይችላልና።

በማሻሻያው ጊዜ፦ አስቸኳይ ውጤት በስልክ ይነገር፤ ተቀባዩም የሕመምተኛውን ስም፣ የካርድ ቁጥሩንና ውጤቱን መልሶ አንብቦ ያረጋግጥ። እያንዳንዱ ወረቀት የተጻፈበትን ሰዓት ይያዝ። መስመሩ ተመልሶ እንደሆነ ለመሞከር በሚል አንዱን ትእዛዝ ደጋግሞ መላክ አይገባም፤ መስመሩ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊደርሱ ይችላሉ።

ከማሻሻያው በኋላ፦ ሥርዓቱ መከፈቱ ሥራው ማለቁን አያመለክትም። ለሙከራ በተዘጋጀ የሕመምተኛ ስም አንድ ትእዛዝ ተልኮ እስከ ላቦራቶሪው መድረሱ፣ ውጤቱም ከነመለኪያው መመለሱ ይታይ፤ ስሙ በአማርኛ፣ የልደት ቀኑም በጥቅምት 30 ወይም በጳጉሜን ቢሆን ይመረጣል። አስቀድሞ የወጣው ዝርዝር ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። የተላከውና የደረሰው ቁጥር ይነጻጸር፤ የጎደለም የተደገመም ካለ ወዲያው ይነገር። በወረቀት የተሠራው ወደ ሥርዓቱ ሲገባ በትክክል የተከናወነበት ሰዓት ይጻፍ፤ ያለዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሰጠ መድኃኒት ጠዋት እንደተሰጠ ተቆጥሮ ቀጣዩ መጠን ያለ ጊዜው ይሰጣል። ክፍት የነበረው የመጨረሻው ካልቸር ውጤቱ እስኪመለስ ድረስም ዝርዝሩ አይጣል።

ማጠቃለያ

ማሻሻያ ሊሸሽ የሚገባው ጉዳይ አይደለም። ያረጀ ሥርዓት ለጥቃት ይጋለጣል፤ የሚጠግነውም ያጣል። ነገር ግን በማሻሻያ ሰዓት «ተልኳል» ማለት «ደርሷል» ማለት አይደለም፤ «ሥርዓቱ ተከፍቷል» ማለትም «ሁሉም ተሟልቷል» ማለት አይደለም። ኮምፒውተር ያልደረሰውን መልእክት አይናፍቅም። ሳይመጣ የቀረውን ውጤት የሚጠይቀው የሕመምተኛውን አልጋ የሚያውቀው ነርስ፣ ናሙናውን የተረከበው የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ምርመራውን ያዘዘው ሐኪም ነው። ስለዚህ በማንኛውም ማሻሻያ ዋዜማ የጠፋውን ለማወቅ የሚያስችለው ቀዳሚ መሣሪያ በየክፍሉ በእጅ የተጻፈው የተጠባባቂ ውጤቶች ዝርዝር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።